ከአጥር ማዶ የጠራኋቸው ሴት

እትዬ ትርንጎ ጽዋውን ተቀበሉ!

ይቺን አንድ መስመር ጽፌ እስክሪብቶዬን ጣልሁና ተነሣሁ። ጓሮ ድረስ ሄጄ፣ ጥጃዋን ያለ ምክንያት አሻሽቼ ተመለስሁ። ደግሜ አነበብኋት። አዎ፣ ተቀበሉ። በመስከረም ማርያም ዕለት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በራፋቸው ላይ ቆመው፣ በሁለት እጃቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። እናቴ «እግርሽ ውስጥ ንብ ገብቶ ነው?» ትለኛለች። ንብስ ማደሪያ ቀፎ አላት፤ እኔ ግን ከመደብ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ መደብ ነኝ።

ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ነው፤ ከሥራዬ ደግሞ ጡረታ ልወጣ ነው። አትሳቁ። የአማርኛ መምህሬ ድርሰቴን ክፍል ውስጥ ቆመው ካነበቡልኝ ወዲህ የማልጽፈው ነገር የለም፤ የሥራ ዘመኔንማ እንዴት ልተወው? አምስት ዓመት ሙሉ የማርያም ማኅበር ጠሪ ነበርሁ። ከጥቅምት በኋላ ለትምህርት ወደ ደብረ ታቦር ስለምሄድ ቦታዬን ለሌላ እለቃለሁ።

ሥራው ይኼ ነው። መንደራችን ከወረታ በእግር አንድ ሰዓት ያህል ይርቃል፤ ሜዳው ላይ ነው፤ ክረምት ውሃ ይከብበናል፣ ሲጎድል ሩዝ ይዘናፈላል። ወር በገባ በሃያ አንድ ማኅበርተኛው በአንዱ አባል ቤት ይሰበሰባል። ቄሱ ይጸልያሉ፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል፣ የተኳረፈ ካለ እዚያው ይታረቃል። ሲያበቃ ጽዋው ለሚቀጥለው ወር ደጋሽ ይሰጣል። ጽዋው በነጭ ጨርቅ የተሸፈነች፣ ጠላ የሞላባት ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ናት። እሷን የተቀበለ ቤቱን ከፍቶ ሁሉንም ያስተናግዳል። ሁሉንም ቤት ለቤት ዞሮ የሚጠራው ግን ጠሪው ነው። ደሞዙ በየቤቱ የሚቀመሰው ነው። መዝገብም የለው፤ የቤቶቹ ተራ የሚቀመጠው በጠሪው ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ሥራውን ያወረሱኝ አያ ቸኮል ናቸው። ስማቸው ቸኮል ይሁን እንጂ ሲቸኩሉ አይቻቸው አላውቅም። ጉልበታቸው አላራምድ ሲላቸው፣ ወንዛዬ ፍል ውሃ ሄደው ሁለት ሳምንት ቢነከሩም አልሻል ሲላቸው፣ «ከዚህ መንደር ልጆች እግሯ የማያርፈው ማን ናት?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም ወደ እኔ ጠቆመ። እንጉዳይ ይሉኛል፤ ዝናብ በጣለ ማግስት የትም ብቅ ስለምል ነው ብለው ይቀልዱብኛል።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት አብሬያቸው ዞርሁ። አያ ቸኮል በር ላይ ሲደርሱ ከዘራቸውን መሬት ላይ ሁለቴ መታ መታ ያደርጋሉ። ከዚያ ይስላሉ። ከዚያ «ቤቶች!» ይላሉ። ሰው ወጥቶ ውሻውን እስኪይዝ ንቅንቅ የለም። ገብተው ይቀመጣሉ፤ ለአንድ አፍታም ቢሆን ይቀመጣሉ። ላሟ ወለደች? የአባወራው ወገብ እንዴት ሆነ? ውሃው ማሳውን ለቀቀ? የተሰጣቸውን ይቀምሳሉ፤ ጠላ ከሌለ ውሃ። ጥሪው የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ ደግሞ ያቃጥለኝ ነበር። «አያ ቸኮል፣ እዚሁ ቆመን ሦስቱንም ቤት ብንጣራ ይሰሙናል እኮ!»

«ይሰማሉ።»

«ታዲያስ?»

«ከብት የሚመለሰው በመጣራት ነው፤ ሰው ግን ተቀምጠው ሲነግሩት ነው የሚመጣ» አሉኝና ወደሚቀጥለው ቤት ማዝገም ጀመሩ።

አሁን አሁን «ስልክ አለ አይደል?» የሚል በዝቷል። አንድ ጊዜ ሙሴው ራሱ፣ የማኅበሩ አለቃ ማለቴ ነው፣ ይኼንኑ አነሣ። አያ ቸኮል «ስልክህ ውሃ ይጠጣል?» ብለው ጠየቁት። «ኧረ አይጠጣም» አለ። «እንግዲያ ምን ቀምሶ ሊጠራ ነው?» ብለው ዘጉት።

ብዙ አስተማሩኝ። ሐዘን ካለበት ቤት ጀምሪ፤ ሌላው ሁሉ ተጠርቶ እሱ መጨረሻ ሲሰማ ሐዘኑ ይብስበታል። የተኳረፉ ሰዎች ካሉ ያኛው እንደሚመጣ ለዚህኛው አትንገሪ። በዚህች ዘዴ በጊደር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾችን አንድ አግዳሚ ላይ አስቀምጫለሁ። ሁለቱም እኩል «አንቺ ልጅ፣ ለምን አልነገርሽኝም!» ብለው ጮኹብኝ፤ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ቃል ተስማምተው የማያውቁ ሰዎች በእኔ ላይ ተስማሙ። ሳይወጡ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ።

ስለ መልስም አስተማሩኝ። «እናያለን» ያለ አይመጣም። «እግዜር ካለ» ያለ ሐሳቡ ግማሽ ነው፤ ከአንድ ቀን በፊት ዞር ብለሽ እዪው። «ምን ይዤ ልምጣ?» ያለ ግን መጥቷል በዪ።

ከዙረት ስመለስ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁኝ ነበር፤ «እነ እገሌ ምን አቀመሱሽ?» ሆዳም የሆኑ ነበር የሚመስለኝ። ለምን እንደሚጠይቁ የገባኝ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ እሱም ካበላሸሁ በኋላ።

በመንደራችን ጫፍ፣ ቀዩ አፈር ካለበት ጉብታ ሥር፣ አጥሩ ላይ የተሰበረ ሸክላ የተደረደረበት ቤት አለ። እትዬ ትርንጎ ሸክላ ይሠራሉ። ማሰሮው፣ ጋኑ፣ ጀበናው ሁሉ የሳቸው እጅ ነው። እንደ እኛው ያስቀድሳሉ፣ እንደ እኛው ይጾማሉ፣ የማኅበሩም አባል ናቸው። ግን በማኅበር ቀን በር ሥር ይቀመጡ ነበር፤ መጠጫቸውንም ከቤታቸው ይዘው ይመጣሉ። ተራቸው ሲደርስ «ለሷ ድግሱ ይከብዳታል፣ አናድክማት» ይባልና ጽዋው ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋል። ለምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው ይባላል። እናቴ ትንሽ ሳለሁ «በዚያ ስታልፊ አፍሽን ግጠሚ፣ የሰጡሽንም እንዳትቀምሺ» ብላኛለች። ሌላውን ሁሉ በተማርሁበት ዕድሜ ይኼንንም አብሬ ተማርሁ።

የአያ ቸኮል ባለቤት እማማ የሺ ብቻ ናቸው እትዬ ትርንጎ ቤት የሚገቡት፤ ጓደኛሞች ነበሩ። እማማ የሺ ሲታመሙ እትዬ ትርንጎ በየጠዋቱ እየመጡ ጀርባቸውን በቅቤ ያሹላቸው ነበር። እማማ የሺ ዐረፉ። አርባቸው ሲደርስ አያ ቸኮል «ሁሉንም ጥሪልኝ። ትርንጎን እንዳትረሺ» አሉኝ። ጥሪውን ብቻዬን የዞርሁበት የመጀመሪያው ትልቅ ሥራዬ ነበር።

አልረሳኋቸውም። ቅዳሜ ነበር፤ የወረታ ገበያ ቀን። እትዬ ትርንጎ አጥር አጠገብ ስደርስ የክፍሌ ልጆች እንቁላልና ሽንኩርት ተሸክመው ወደ ገበያ ሲወርዱ ደረሱብኝ። በሩ ክፍት ነው። ከውስጥ ገል ሲወቀጥ ይሰማል፤ ድም፣ ድም።

«እንጉዳይ! ልትገቢ ነው እንዴ?» አለችኝ አንዷ።

«ማን? እኔ?»

«ቡዳ እንዳይበላሽ! እኛ ተሸክመን አንመልስሽም!» ሳቁ።

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ አጥሩ ላይ ተንጠራርቼ፣ የጠፋ ጥጃ እንደሚጠራ ሰው፣ «እትዬ ትርንጎ! እሑድ የእማማ የሺ አርባ ነው! ተጠርተዋል!» ብዬ ጮህሁ። ድምፁ ቆመ። መልስ ሳልጠብቅ ልጆቹን ተከትዬ ሮጥሁ። ያን ቀን አያ ቸኮል ምን እንደቀመስሁ አልጠየቁኝም፤ ሐዘን ላይ ነበሩ።

እሑድ ሰዉ ሁሉ መጣ። አያ ቸኮል ከጎናቸው አንድ ዱካ አስቀምጠው ነበር። ሰው ሊቀመጥበት ሲል «ባለቤት አለው» ይላሉ። ወጡ ወጣ፣ ጠላው ተቀዳ፣ ዱካው ባዶ ነው። በሩን እያዩ ዋሉ። እኔ ዱካውን እንዳላይ ሳህን ማመላለስ አበዛሁ። ሰዉ ሲበተን ጠሩኝ።

«ትርንጎን ጠርተሻታል?»

«ጠርቻቸዋለሁ።»

«ገብተሽ?»

«ገብቼ።»

«ምን አቀመሱሽ?»

«ጠላ» አልሁ።

አያ ቸኮል ዱካውን አንሥተው ግድግዳው ሥር አስጠጉት። «የሺ ከሞተች ወዲህ ትርንጎ ቤት ጠላ አልተጠመቀም» አሉ። ቢቆጡኝ፣ በከዘራው ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ገባሁ። እትዬ ትርንጎ መሬት ተቀምጠው የማሰሮ አንገት እየሠሩ ነበር፤ ቀና አላሉም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ያልሰሙኝ መስሎኝ…»

«ሰምቼሻለሁ። ድምፅሽ ጥሩ ነው። የተጠራሁት ግን እኔ አይደለሁም፤ አጥሬ ነው። አጥሬ ደግሞ እግር የለውም፣ አይመጣም።»

ማሰሮውን አዞሩትና ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን ጫን ጫን አደረጉት። ያን የአውራ ጣት ምልክት አውቀዋለሁ። በየወሩ ነጩን ጨርቅ ስገልጥ የማየው የጽዋችን አንገት ነው። እኛ በር ሥር የምናስቀምጣቸው ሴት እጅ መሐላችን ተቀምጦ ኖሯል፤ ቄሱ የባረኩትን ከሱ ነው የምንጠጣው።

ከዚያ በኋላ እትዬ ትርንጎ ማኅበር መምጣት ተዉ። ሰው «ተቀየመች መሰል» አለና ወደ ጨዋታው ተመለሰ። እኔ ግን መተኛቱም መብላቱም አልሆነልኝ። አያ ቸኮል ዘንድ ሄጄ «ምን ላድርግ?» አልኋቸው።

«ሂጂና ቁጭ በዪ።»

«ከዚያስ? ምን ብዬ ልጥራቸው?»

«ለምንም አትጥሪያት። ቁጭ በዪ።»

ለእኔ ከዚህ የባሰ ቅጣት የለም! አራት ቅዳሜ የበራቸው ደፍ ላይ ተቀመጥሁ። አላናገሩኝም። እግሬን እያወዛወዝሁ፣ ጥፍሬን እየበላሁ፣ ዶሮ እየቆጠርሁ ዋልሁ። በአምስተኛው ቅዳሜ «ኤዲያ! አዞርሽብኝ! መቀመጥ ካቃተሽ ይቺን ገል ውቀጪ» አሉኝ። ወቀጥሁ። የተሰበረ ሸክላ ተወቅጦ፣ ተነፍቶ ከአዲሱ ጭቃ ጋር ይቦካል። «ያለ ገል የተቦካ እሳት ሲያይ ይፈነዳል» አሉኝ። ገሉ ተወቀጠ፣ ጭቃው ተረገጠ፣ እግሬም ሥራ አገኘ።

ሲመሻሽ በቅል ውሃ ሰጡኝ። ከመጠጣቴ በፊት የቅሉን ውስጥ ሁለቴ አየሁ፤ አልዋሽም። እሳቸውም አይተዋል። ጠጣሁት። በማግሥቱ አልሞትሁም። ማክሰኞም አልሞትሁም። ረቡዕ እናቴ ቀሚሴ ላይ ቀይ ጭቃ አገኘችና «ያቺ ሴትዮ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?» ብላ አፋጠጠችኝ። ነገርኋት። ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም «አኝኪ» አለችኝና እስኪያስለኝ አኘክሁ። ቅዳሜ ተመልሼ ሄድሁ። የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ስላልለቀቀኝ እትዬ ትርንጎ ገና ከበር «እናትሽ አወቀች?» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

እንዲህ ሆነን አራት ዓመት ሊሞላን ሆነ። እትዬ ትርንጎ ግን ማኅበሩ ጋ አልመጡም፤ እኔም አልጠራኋቸውም።

የዘንድሮው የመስከረም ማርያም በጋሽ ባዬ ቤት ነበር። ጋሽ ባዬ ደህና ገበሬ፣ ላሞቻቸው ሜዳውን የሞሉ፣ ምላሳቸው የማይቻል ሰው ናቸው። ሲያበቃ ሙሴው እንደ ሁልጊዜው «ተራው የማን ነው?» አለ። የሚመልሰው ጠሪው ነው። አያ ቸኮልም ሲዘሉት የኖሩት፣ እኔም ባለፈው ዙር የዘለልሁት ስም ምላሴ ላይ ነበር።

«የእትዬ ትርንጎ ነው» አልሁ።

ከዚያ ጋሽ ባዬ ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ደብረ ታቦር ገና ሳትደርሺ ቀለሙ አናትሽ ላይ ወጣ?»

«ኧረ ጋሽ ባዬ፣ ከአንቱ ቤት ቀጥሎ እሳቸው ናቸው።»

«እሷ እኮ ትታናለች!»

«ትተናት ነው» አሉ አያ ቸኮል ከጥግ።

«እሺ፣ እሷ ቤት ማን ይገባል? ንገሩኛ! ልጆች አሉን!»

አያ ቸኮል በከዘራቸው ጽዋውን ጠቆሙ። «ይቺን ማን ሠራት?» ከዚያ ወደ ጋሽ ባዬ ዞሩ። «ባዬ፣ የዚያች ሴት ጣት ካረፈበት አፍህን አድርገህ ስትጠጣ ሸበትህ። ቤቷ ስትገባ ነው የምትሞተው?»

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ተራው የሳቸው ከሆነ ይሂድላቸው» አሉ። ጽዋን ለተረኛው የሚያደርሰው የዕለቱ ደጋሽ ነው። ጋሽ ባዬ «እግሬን እያመመኝ ነው» አሉ። አያ ቸኮል በሁለት ሰው ተደግፈው እየተነሡ «ካመመህ የኔን ጉልበት ተዋስ» ሲሏቸው ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ።

በጋሽ ባዬ ፈንታ ጽዋውን እኔ ተሸከምሁ። ቄሱን ጨምሮ ሰባት ሰው ተከተለን፤ ሌላው ቀረ። እናቴም ቀረች። የሩዙ ማሳ ዳር ዳሩን ስንሄድ አያ ቸኮል በየጊዜው ይቆማሉ። አንዴ ሲቆሙ «አንቺ አንድ ቀን ነው ከአጥር የጠራሻት» አሉኝ። «እኔ ተራዋ በደረሰ ቁጥር ስሟን ስውጥ ኖርሁ። የሺ እስክትሞት በየወሩ ትለምነኝ ነበር። ሰው ይጠላኛል ብዬ ነው።» ክንዴን ሰጠኋቸውና ሄድን።

እትዬ ትርንጎ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ነበር። እኛን ሲያዩ አልደነገጡም፤ አስቀድመው ያዩት ጽዋውን ነው። «አንገቷን ሸርፋችኋታል» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጠሪዋ ማን ናት?»

«እኔ ነኝ።»

«ከየት ሆነሽ ነው የምትጠሪው?»

«ገብቼ።»

«ሁሉንም ቤት?»

«ሁሉንም ቤት።»

እጃቸውን ታጠቡ፤ ሁለቴ። ከዚያ ተቀበሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዞሬያለሁ። ሁሉም ቤት ገባሁ፣ ተቀመጥሁ፣ ቀመስሁ፣ ጠራሁ። በዚህ የሥራ ዘመን እንደ ዘንድሮ «እናያለን» ሰምቼ አላውቅም። ጋሽ ባዬ እርጎ አስጠጡኝና «ጥሪውን ሰምቻለሁ» ብቻ አሉ፤ ይኼ መልስ ከየትኛው እንደሚመደብ አያ ቸኮልም አላወቁትም። እትዬ ትርንጎ ግን ከአራት ዓመት በኋላ ጌሾ ወቅጠው፣ ጋን አጥነው ጠላ ጠንስሰዋል። ማንም ባይመጣስ? ያንን ሁሉ ጠላ ከፊታቸው አስቀምጠው በሩን እያዩ ቢውሉስ? የአያ ቸኮል ባዶ ዱካ ዓይኔ ላይ ይመጣል፤ ተነሥቼ ጓሮ እሄዳለሁ።

መጨረሻ የቀረው የእኛው ቤት ነበር። ትናንት ወጥቼ በራችን ላይ ቆምሁ። ሳልሁ። «ቤቶች!»

እናቴ ሰፌድ እንደያዘች ወጣች። «ማነው? …አንቺ! ምን ሆንሽ ደግሞ?»

«ጠሪ ነኝ።»

«እብድ ነሽ!»

«ጠሪ ከደጅ አይመለስም፣ እማዬ።»

ግራ ቀኙን አየች፤ ጎረቤት እንዳይሰማ። «ግቢያ እንግዲህ» አለች። እንግዳ የሚቀመጥበት መደብ ላይ ተቀመጥሁ። ስለ ላሟ ጠየቅኋት፣ ስለ አባቴ ወገብ ጠየቅኋት። መለሰችልኝ፤ ሳቋን እየዋጠች። ውሃ ሰጠችኝ፣ ጠጣሁ። «ለጥቅምት ማርያም፣ በእትዬ ትርንጎ ቤት ተጠርተዋል» አልኋት። ሳቋ ጠፋ። ሰፌዱን ከጉልበቷ ላይ አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው።

«እናያለን» አለች።

እንደ ደንቡ አመስግኜ ወጣሁ። ሌላ ቤት ቢሆን ረስቼው ወደሚቀጥለው እሄድ ነበር፤ ከዚህ ቤት በኋላ ግን የሚቀጥል ቤት የለም።

ከብት ሲገባ ጥጃዋን አብረን እያሰርን ነበር። እናቴ ገመዱን ሳትለቅ «ያቺ ሴትዮ ቤት መቀመጫ አለ?» አለችኝ።

«ሁለት ዱካ።»

ገመዱን አጠበቀችው። ፈታችው። እንደገና አሰረችው። «ያ ረጅሙ አግዳሚ አለ አይደል? አባትሽ ከዋዜማው ያድርሰውላ። ሰው ምን ላይ ሊቀመጥ ነው?»

ይኼ ከሦስቱ መልሶች የቱ እንደሆነ እናንተ ፍረዱ። እኔ ከብት በረት ውስጥ ዘልያለሁ፤ ጥጃዋ ትመስክር።

እንግዲህ የሥራ ዘመኔ የመጨረሻ ጥሪ ይኼ ነው። በራችሁ ላይ ቆሜ ስያለሁ። ውሻችሁን ያዛችሁልኝ፣ ገባሁ፣ ተቀመጥሁ። ስለ ቤታችሁ ሁሉ ጠየቅኋችሁ። የሰጣችሁኝን ውሃ ጠጣሁ። ለጥቅምት ማርያም፣ በሃያ አንድ፣ በእትዬ ትርንጎ ቤት ተጠርታችኋል። ከወረታ ስትመጡ ሩዙን ወደ ቀኝ ትታችሁ ወደ ቀዩ ጉብታ አቅኑ። አጥሩ ላይ ገል የተደረደረበት ቤት ነው። እንጉዳይ ጠርታን ነው በሉ። ከአጥር ማዶ ቆማችሁ ግን እንዳትጣሩ፤ በሩ ክፍት ነው፣ ግቡ።